ተራ የማይጠበቅበት ጨዋታ

ቀይ ጨርቅ ተነጥፏል። በጨርቁ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ ቁልቁልና አግድም ተሰፍቶ 64 ቤት ሠርቷል። በጨርቁ ግራና ቀኝ ሁለት መኳንንት ተቀምጠዋል፤ ዙሪያውን ወዳጅና አሽከር ከቧቸዋል። “ጀምር” የሚል የለም፤ “ተራህ ነው” የሚልም የለም። አንዱ እግረኛውን ሲገፋ ሌላው ፈረሱን አውጥቷል። የፈረሱ መውጣት ሳይታይ የፊተኛው ሁለተኛ እግረኛ ገፍቷል፤ ሦስተኛም ደግሟል። ማንም ማንንም አይጠብቅም። ይህ ሁሉ ግርግር ድንገት ቀጥ የሚለው አንደኛው የሌላኛውን ጠጠር ሲበላ ነው። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ሥርዓት ይይዛል፤ አንድ ጊዜ አንዱ፣ አንድ ጊዜ ሌላው እያለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል።

አያቶቻችን ሰንጠረዥ የሚሉት ጨዋታ የሚከፈተው እንዲህ ነበር። የመክፈቻው ስም ወረራ ይባላል። ሰንጠረዥ ከህንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረቦች በኩል ዓለምን ካዳረሰው የቼስ ቤተሰብ የተወለደ ነው፤ ተራ ሳይጠብቁ የመጀመር ልማዱ ግን ከዘመዶቹ ሁሉ ለይቶታል።

ስለዚህ ጨዋታ በጽሑፍ ከተረፉልን ምስክሮች መካከል ዋናው የተገኘው ከጉና ተራራ ብዙም ከማይርቅ ቦታ ነው። ዋልተር ፕላውደን የሚባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1843 ወደ ኢትዮጵያ መጣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1848 የአገሩ ቆንስል ሆኖ ተሾመ፤ በ1849 ደግሞ ከትንሹ ራስ አሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። የራስ አሊ መቀመጫ ደብረ ታቦር ነበረች። ጉናን በምሥራቅና በደቡብ የሚያዋስነው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አገር ያን ጊዜ የበጌምድር ክፍል ሆኖ ለዚያው ግቢ ይገብር፣ ለዚያው ግቢ ይዘምት ነበር። ፕላውደን በዚህ ዓለም ውስጥ ዓመታት ኖሮ በ1860 ጎንደር አጠገብ በደረሰበት ጥቃት ሞተ። ማስታወሻውን ወንድሙ አሰናድቶ በ1868 አሳተመው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከጦርነቱና ከግብሩ ወሬ መሀል ሐበሾች ቼስ እንዴት እንደሚጫወቱ የሚያስረዳ ክፍል አለ። በ1913 የቼስን ታሪክ በአንድ ወፍራም ጥራዝ የጻፈው እንግሊዛዊው ሐሮልድ መሪም የኢትዮጵያን ጨዋታ ሲያነሣ የተደገፈው እንደዚህ ባሉ መንገደኞች ላይ ነው።

ከፕላውደን በፊት ሄንሪ ሶልት የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ መንገደኛ ነበረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ወደ ትግራይ ዘልቆ ከገዥዋ ከራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ተቀምጦ ያየውን ጽፏል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ሸካራ ነበሩ። ተጫዋቹ የባላጋራውን ጠጠር ሲበላ ቀስ ብሎ አያነሣም፤ በራሱ ጠጠር በኃይል መትቶ ከቤቱ ያስፈነጥረዋል። ጨዋታው ጫጫታ የበዛበት ነው። በዙሪያው የቆመ ሁሉ፣ ባሪያው እንኳ ሳይቀር፣ አስተያየት ይሰጣል፤ ሲያሻው እጁን ሰድዶ ጠጠሩን እያነሣ “እንዲህ ቢሆን ይሻላል” ብሎ ያሳያል። ሶልት አንድ ነገር ደግሞ ታዝቧል፤ ሰዎቹ በብልሃት ጨዋታውን ሁሉ ለራስ ወልደ ሥላሴ ይለቁላቸው ነበር። የዛሬ የውድድር ዳኛ ይህን ቢያይ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም። አሁን ተመልካች ትንፍሽ ካለ ከአዳራሽ ይወጣል፤ ተጫዋች የነካውን ጠጠር ማንቀሳቀስ ግዴታው ነው።

ጨዋታው በቤተ መንግሥት የቆየበት ዘመን ከዚህም ይረዝማል። አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ የቬኒስ ሰው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከሰበሰበው ወሬ እንደሚታወቀው አፄ ልብነ ድንግል ቢቺኒ ከሚባል ቬኒሳዊ ሠዓሊ ጋር ሌሊቱን ቼስ ሲጫወቱ ያነጉ ነበር። እቴጌ ጣይቱም ከበገናው ጋር ሰንጠረዥ የሚያውቁ እመቤት እንደነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ያነሣሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ገበሬውና እረኛው ብዙ አይታዩም። የእነሱ ጨዋታ መሬት ላይ ጉድጓድ ምሶ በጠጠር የሚጫወቱት ገበጣ ነው፤ ሰንጠረዥ የግቢና የመኳንንት ጨዋታ ነበር።

የወረራን ብልሃት ለመረዳት ጠጠሮቹን ማወቅ ያስፈልጋል። በኋለኛው ረድፍ መሀል ላይ ንጉሥ ይቆማል፤ ቦታው ከተጫዋቹ አንጻር ከመሀል መስመሩ በስተቀኝ ነው። ሁለቱም ንጉሣቸውን ከቀኝ ስለሚያቆሙ ነገሥታቱ ፊት ለፊት አይተያዩም፤ እያንዳንዱ የሚያየው የባላጋራውን ፈርዝ ነው። ፈርዝ በዛሬው ቼስ የንግሥቲቱን ቦታ የያዘ አማካሪ ሲሆን ኃይሉ ግን ከንግሥቲቱ ጋር አይወዳደርም። በማዕዘን አንዲት ቤት ብቻ ይራመዳል። ከእነሱ ግራና ቀኝ ሁለት ፊሎች አሉ፤ ሳባ የሚላቸውም አለ። ፊል በማዕዘን ሁለት ቤት ይዘላል፤ በመሀል ያለው ማንም ይሁን ማን አያግደውም። ቀጥሎ ፈረሶች ናቸው፤ አካሄዳቸው ዛሬም ያው ነው። ጥግ ጥጉን ደሮች ይይዛሉ፤ በቀጥታ እንደልባቸው ይሄዳሉ። ፊት ለፊት ስምንት መደቆች ይሰለፋሉ። መደቅ አንድ እርምጃ ወደፊት ይሄዳል፤ ሲበላ በማዕዘን ነው። በዛሬው ቼስ እግረኛ ሲነሣ ሁለት ቤት መዝለል ይችላል፤ መደቅ ግን ይህ ነጻነት የለውም።

እንግዲህ ይህ ጦር ቀርፋፋ ነው። ፊል በሰሌዳው ላይ ካሉት 64 ቤቶች በሕይወቱ ሊረግጥ የሚችለው ስምንቱን ብቻ ነው፤ የሁለቱ ወገን ፊሎች የሚረግጧቸው ቤቶች ከቶ ስለማይገጥሙ አንዱ ፊል ሌላውን ፊል ሊበላ አይችልም። ንጉሡ፣ ፈርዙና ደሮቹ ጨዋታው ሲጀመር መፈናፈኛ የላቸውም። ቆጥረን ብናየው ተጫዋቹ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ሲያነሣ ምርጫው 16 ብቻ ነው፦ ስምንት የመደቅ፣ አራት የፈረስና አራት የፊል። መደቆቹ ተቀራርበው ለመበላላት እንኳ ከሁለቱ ወገን ቢያንስ አራት እርምጃ ይፈልጋሉ። ሁለት ብልህ ሰዎች በተራ በተራ፣ እያሰቡ ቢጫወቱ የመጀመሪያው ሰዓት ምንም ደም ሳይፈስ ያልፋል።

ከሐበሻ በፊት ይህ ችግር ዐረቦችን አስጨንቋቸው ነበር። በ9ኛው ክፍለ ዘመን አል-አድሊ፣ በ10ኛው ደግሞ በባግዳድ የአባሲዶች ግቢ የገነነው አስ-ሱሊ ስለ ጨዋታው መጻሕፍት ጽፈዋል። እነሱ ያገኙት መፍትሔ ታቢያ ይባላል። ታቢያ ማለት የተዘጋጀ አሰላለፍ ነው። ተጫዋቾች የሚወዱትን አሰላለፍ በስም ያውቁታል፤ የመጀመሪያዎቹን ደርዘን ያህል እርምጃዎች ወደዚያ አሰላለፍ ለመድረስ ያውሏቸዋል፤ እውነተኛው ጦርነት የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

አውሮፓውያን መንገዳቸው ሌላ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም ሕጉን ራሱን ለወጡት። አማካሪው ንግሥት ሆና በስምንቱም አቅጣጫ እንድትሮጥ ተፈቀደላት፤ የፊል ቦታ የነበረው ጠጠርም በማዕዘን ያለ ገደብ እንዲሄድ ሆነ። ጨዋታው በአንድ ትውልድ ውስጥ እሳት ሆነ። ከዚያ ወዲህ አንድ የተሳሳተ እርምጃ በአራተኛው ተራ ላይ ንጉሥን ሊያስማርክ ስለሚችል አከፋፈትን ማጥናት የህልውና ጉዳይ ሆነ። ስሙ እስከ ዛሬ የሚጠራ አከፋፈት የቀረለት የስፔኑ ቄስ ሩይ ሎፔዝ መጽሐፉን ያሳተመው በ1561 ነው። አሁን አንድ የውድድር ተጫዋች ከጠረጴዛው ፊት ሳይቀመጥ በፊት አሥራ አምስትና ሃያ ተራ በኮምፒዩተር ታግዞ ሸምድዶ ይመጣል።

ኢትዮጵያውያን ጠጠሮቹን አልነኩም። አሰላለፉንም በስም እየጠሩ አላስተማሩም። የነኩት ተራን ነው። አሰልቺው ክፍል ረዥም የሆነው ተራ ስለሚጠበቅ ነውና ተራውን አነሡት። መፍትሔው ቀላል ይመስላል፤ ያስከተለው ነገር ግን ቀላል አይደለም።

አንደኛው ተጫዋች ኃይሉን በቀኝ በኩል ሊያከማች አሰበ እንበል። ከንጉሡ ፊት ያለውን መደቅ ሁለቴ አከታትሎ ይገፋል፤ ቀኝ ፈረሱን ያወጣል፤ ፊሉን በመደቆች ራስ ላይ አዝልሎ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያሳርፋል። ባላጋራው ይህን ሁሉ ያያል። የራሱን መደቆች በዚያው በኩል ይከምራል፤ ፈረሱንም ለመከላከያ ይጠራል። ይኼኔ የፊተኛው ሐሳቡ እንደታወቀበት ተረድቶ ፈረሱን ይመልስና ወደ ግራ ያዞረዋል። መመለስ ነውር አይደለም። ጠጠር እስካልተበላ ድረስ ተጫዋቹ ያደረገውን አፍርሶ ሌላ ማድረግ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም ዓይናቸው ከራሳቸው ጠጠር ይልቅ በሌላው እጅ ላይ ነው።

ታዲያ እጁ የፈጠነ ያሸንፋል ማለት ነው? ነገሩን ጠጋ ብሎ ላየው አይደለም። ፍጥነት ጦርን ያሰልፋል፤ ወረራን የሚዘጋው ግን መብላት ነው፤ የበላ ሰው ደግሞ ተራውን ለባላጋራው አስረክቧል። ያለ ደጋፊ የቆመ ጠጠር ካለ የቀደመ በነጻ ይበላዋል። ደጋፊ ካለው ግን የበላው ወዲያው ይበላል፤ ከዚያም በላይ ባላጋራው ይጠብቀው የነበረው ጊዜ ይኸው ሊሆን ይችላል። የወረራ ትልቁ ጥያቄ “ምን ላንቀሳቅስ?” ሳይሆን “መቼ ልዝጋው?” የሚለው ነው። ጦሩ የተሰናዳለት ግንኙነት ይፈልጋል፤ መደቁን አስጠግቶ ብሉኝ ብሎ ሊያቀርብ ይችላል። ያልተሰናዳለት ደግሞ ይሸሻል፤ መደቆቹን ከመደቅ አፍ እያራቀ ጊዜ ይገዛል። የመዝጊያው ቁልፍ በሁለቱም እጅ ስላለ ማንም ቢሆን “ገና አሥር እርምጃ ይቀረኛል” ብሎ ሊተማመን አይችልም።

በዚህ ሁኔታ የተሸመደደ አከፋፈት ከንቱ ነው። ባላጋራህ ለአንዱ እርምጃህ ሦስት እርምጃ ከመለሰ፣ ከዚያም ሁለቱን ካፈረሰ፣ የትኛውን መጽሐፍ ታስታውሳለህ? እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ይህ ጨዋታ ያደገበት አገር የቃል ትምህርት አገር ነው። ታች ጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም ድጓ የሚመሰከርባት ናት፤ ከሩቅ አገር ስንቁን ይዞ የመጣ ተማሪ ዓመታት የሚያሳልፈው ዜማውን አንዲት ምልክት ሳያዛንፍ ለመያዝ ነው። ዳዊትን በቃሉ የሚወጣ ሰው በየደብሩ ይገኛል። ከዚሁ ሕዝብ መኳንንት ቤት የወጣው ሰንጠረዥ ግን ለማስታወስ ቦታ አልሰጠም። ዘመዱን ብንፈልግ የምናገኘው ከድጓ ቤት ሳይሆን ከቅኔ ቤት ነው፤ እዚያ ትናንት የተባለን ቅኔ ዛሬ የሚደግም ተማሪ የሚያተርፈው እፍረት ነው።

የዛሬው ዓለም ቼስ በሽምደዳ መታከት ከጀመረ ሰንብቷል። የዓለም ሻምፒዮን የነበረው አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር በ1996 ቦነስ አይረስ ላይ የራሱን ሕግ ይዞ ቀረበ። በእሱ ጨዋታ የኋለኛው ረድፍ ጠጠሮች ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በዕጣ ይደረደራሉ፤ ሊሆን የሚችለው አደራደር 960 ስለሆነ ሁሉንም ሸምድዶ መምጣት አይቻልም። የዓለም ቼስ ፌዴሬሽን ለዚህ ዓይነቱ ጨዋታ እውቅና ያለው የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ያካሄደው በ2019 ኖርዌይ ውስጥ ነበር፤ ዌስሊ ሶ ማግነስ ካርልሰንን በሰፊ ልዩነት አሸነፈው። የፊሸር መድኃኒትና የወረራ መድኃኒት አንድ በሽታ የሚያክሙ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ፊሸር ችግሩን የተወው ለዕጣ ነው፤ ወረራ ደግሞ ለተጫዋቹ ዓይንና ድፍረት። ለዚህ ጸሐፊ ሁለተኛው ይጥመዋል።

ጨዋታው ሲያልቅም የራሱ ወግ ነበረው። ማሸነፍ ብቻ አይበቃም፤ እንዴት ተሸነፈ የሚለው ይመዘናል። በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ፣ ማለትም ንጉሥን መውጫ አሳጥቶ መማረክ፣ እንደ ተራ ነገር ይታያል፤ ጉልበተኛ በጉልበቱ አሸነፈ እንደማለት ነው። በፈርዝ ወይም በፊል ሲሆን ይመሰገናል። በመደቅ ንጉሥ የማረከ ደግሞ የተመልካቹን ጭብጨባ ያገኛል። ከዚህ ሌላ ጠጠሮቹ ሁሉ አልቀው ባዶውን የቀረ ንጉሥ ማት አይደረግም። የዚህ ሕግ ውጤት ለዛሬ ተጫዋች እንግዳ ነው። የሚያሸንፈው ሰው የተሸናፊውን የመጨረሻ ጠጠር ከራሱ ጦር መጠበቅ አለበት፤ በስስት ከበላው ድሉ ከእጁ ወጣ። በጠጠር ብዛት የበለጠ ሁሉ አሸናፊ አይደለም።

ይህ ሁሉ የት ገባ? በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የሆኑት ሪቻርድ ፓንክረስት ጥያቄውን አንሥተው የመንገደኞቹን ጽሑፍ ከሽማግሌዎች ትዝታ ጋር አገናዝበዋል። ጥናታቸው በ1971 በተቋሙ መጽሔት ላይ ወጣ። እንደ እሳቸው አገላለጽ አሮጌው ሰንጠረዥ የጠፋው ጣሊያን በ1930ዎቹ ኢትዮጵያን ከወረረ በኋላ ባለው ጊዜ ነው። ለምን እንደሆነ መገመት ይቻላል። ጨዋታው የሚኖረው መኳንንቱ በሚውሉበት ግቢ ነበር፤ ያ ግቢ በጦርነት ፈረሰ፤ ከነጻነት በኋላም እንደ ድሮው አልተመለሰም። በሌላ በኩል ዓለም አቀፉ ቼስ የታተመ ሕግ ይዞ መጣ። አዲስ አበባ የተማረ ልጅ ካይሮ ወይም ሞስኮ ሄዶ ከማያውቀው ሰው ጋር ያለ ክርክር ይቀመጣል። ሰንጠረዥ ግን ሕጉ ከቤት ቤት ይለያይ ስለነበር ተጫዋቾቹ ሲበተኑ ጨዋታውም አብሮ ተበተነ። ዛሬ በኢትዮጵያ ቼስ ፌዴሬሽን ሥር የሚወዳደሩና በዓለም ኦሊምፒያድ አገራቸውን የሚወክሉ ወጣቶች የሚጫወቱት በሰዓት የሚለካውን፣ እያንዳንዱ እርምጃ በወረቀት የሚመዘገበውን ቼስ ነው። ወረራ በወረቀት ሊመዘገብ ራሱ ያስቸግራል፤ ከመሞቱ ምክንያቶች አንዱ ይኸ ሳይሆን አይቀርም።

እንዲያም ሆኖ ለመሞከር የሚያግድ ነገር የለም። ተራ የቼስ ጠጠር ይበቃል፤ ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ መሆኑ ጨዋታውን አይለውጠውም። ንግሥቲቱ ፈርዝ፣ ከንጉሥና ከፈርዝ ጎን የሚቆሙት ሁለቱ ጠጠሮች ፊል ይሆናሉ። ሁለቱም ተጫዋቾች ንጉሣቸውን ከመሀሉ በስተቀኝ ያቆማሉ። ከመጀመር በፊት በሁለት ነገሮች መስማማት ግድ ይላል፤ ምክንያቱም ምንጮቹ ራሳቸው አይስማሙባቸውም። አንደኛው ፈርዝ ነው፦ ሲሄድ በማዕዘን ብቻ ነው የሚል አለ፤ በየትኛውም አቅጣጫ ሄዶ ሲበላ ግን በማዕዘን ነው የሚልም አለ። ሁለተኛው መጨረሻው ረድፍ የደረሰ መደቅ ነው፦ ሶልት ምንም ሹመት አያገኝም ብሏል፤ ሌሎች ወደ ፈርዝነት ያሳድጉታል። እነዚህ ከተቆረጡ በኋላ የሚቀረው ተመልካቾችን በዙሪያው መጥራት ነው፤ በሶልት ዘመን ልማድ ከተሄደ እነሱም ጠጠር መንካት ይችላሉ።